ሱሉልታ ላይ አዮን ለምን ይፈጥናል?



በአውሮፕላን የተጓዘ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ፈታሹ የሻንጣውን እጀታ ወይም የመንገደኛውን መዳፍ በትንሽ ጨርቅ ይጠርግና ጨርቁን ማሽን ውስጥ ይከተዋል። ማሽኑ የፈንጂ ቅሪት መኖር አለመኖሩን በጥቂት ሰከንድ ይናገራል። ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት አዮን ሞቢሊቲ ስፔክትሮሜትሪ በሚባል ዘዴ ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለስን የምንማር ጥቂት የምህንድስና ተማሪዎች የዚህን መሣሪያ ሰርኪዩት በወረቀት ላይ ለመንደፍ ሞክረን ነበር። ከሙከራው ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ከጨርቁ ላይ በሙቀት የተነሣው ትነት የኤሌክትሪክ ሙላት ይይዛል፤ ማለትም አዮን ይሆናል። ከዚያ አየር በሞላው ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይገፋል። ትንሹ አዮን በአየሩ መካከል ቶሎ ይሾልካል፤ ግዙፉ እየተጋጨ ይዘገያል። በዒድ ዋዜማ መርካቶ ውስጥ ባዶ እጁን የሚሄድና ፍራሽ የተሸከመ ሰው እኩል አይደርሱም። መሣሪያው የሚለካው ይህንኑ የመድረሻ ሰዓት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው «በር» የሚባለው የሽቦ ወንፊት ለ0.2 ሚሊሰከንድ ያህል ተከፍቶ ሲዘጋ ጀምሮ ነው። ይህን በር ብራድበሪና ኒልሰን በ1936 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሲሆን ስማቸውን እንደያዘ ዛሬም ይሠራል።

ችግሩ የመድረሻው ሰዓት በአየሩ ግፊት የሚወሰን መሆኑ ነው። 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ 2,500 ቮልት የተሰጠው ቱቦ እንውሰድ። ሙቀቱን ለጊዜው እንተወው። በባሕር ጠለል ላይ፣ ግፊቱ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሆነበት፣ አንድ አዮን በ20 ሚሊሰከንድ ይደርሳል እንበል። ሰበታ ላይ ግፊቱ ወደ 570 ስለሚወርድ ያው አዮን በ15 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሱሉልታ ግፊቱ ወደ 545 ይጠጋል፤ ሰዓቱም 14.3 ይሆናል። ቡራዩ በሁለቱ መካከል ናት። ሯጮቻችንን የሚያስለከልካቸው ስስ አየር ለአዮኑ ቁልቁለት ሆነለት ማለት ነው።

በሰበታና በሱሉልታ መካከል ያለው 0.7 ሚሊሰከንድ ከቁጥር የሚገባ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ዓይነት አዮን በስክሪን ላይ የሚሠራው ጉብታ ስፋቱ 0.25 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሰበታ ላይ ተስተካክሎ ምንም እርማት ሳይደረግለት ሱሉልታ የወጣ መሣሪያ አንዱን ነገር በሌላው ስም ሊጠራው ይችላል ማለት ነው። ይህ ደግሞ በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. አልበርት ባውር የተባለ ኬሚስት ከቲኤንቲ ጋር የሚዛመዱ ፈንጂዎችን ሲያጠና ሳያስበው የምስክ ሽታ ያለው ነገር አገኘ። የድሮ ሰው ሠራሽ የምስክ ሽቶዎች የመጡት ከዚያ ቤተሰብ ነው። ሰዓቱን የሳተ መሣሪያ ዒጥር የተቀባች እናትን ያለ ጥፋቷ ሊያስቆም፣ መያዝ ያለበትንም ሊያሳልፍ ይችላል። የቦሌ አየር ማረፊያም ቢሆን 2,330 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው።

በተግባር የሞከርነው የመጨረሻውን ክፍል፣ ማጉያውን፣ ብቻ ነው። ከቱቦው ጫፍ የሚገኘው ከረንት 1 ናኖአምፒር ገደማ ነው። ይህን ወደ 1 ቮልት ለመቀየር 1 ጊጋኦም ሬዚስተር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስቸገረን። አንደኛው፣ ከሬዚስተሩ ጎን 0.1 ፒኮፋራድ ብቻ ካፓሲታንስ ሳይታሰብ ቢፈጠር ምልክቱ በ0.1 ሚሊሰከንድ ይንቀረፈፋል፤ ጉብታው ራሱ 0.25 በሆነበት ይህ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ክረምቱ ነው። ሐምሌ ላይ ማጉያችን ምንም ሳይሰጠው ቁጥሩ ከጠዋት እስከ ማታ ይዋዥቅ ነበር። ቺፑን ሁለት ጊዜ ቀየርን፤ ገንዘባችንም አለቀ። ጥፋቱ የራሳችን ነበር። የጣታችን ወዝና የስታኞው ቅባት ቦርዱ ላይ እርጥበት እየሳቡ ኖሯል። በ5 ቮልትና በመግቢያው መካከል ያለው ቆሻሻ 10 ጊጋኦም ቢይዝ እንኳ 0.5 ናኖአምፒር ያሾልካል፤ የምንፈልገው ምልክት ግማሽ ማለት ነው። በአልኮል አጥበን፣ አድርቀን፣ በመግቢያው ዙሪያ መከላከያ የመዳብ ቀለበት ስናደርግ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ቦርድ በባዶ እጅ የሚነካ ጓደኛ እናስወጣለን።

ከፍተኛው ቮልቴጅም ስስ አየርን አይወድም። በዚህ የግፊት ክልል አየሩ በሳሳ ቁጥር ብልጭታ ቶሎ ይዘላል። የብዙ መሣሪያዎች የሽቦ ርቀት የሚሰላው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ሦስቱም ከተሞቻችን ከዚያ በላይ ናቸው። ለ3,000 ሜትር ርቀቱን በ1.14 ማባዛት የተለመደ ነው።

ታዲያ ቮልቴጁን ለምን አንቀንሰውም? ከመካከላችን አንዱ ይህን አቅርቦ ለሁለት ሳምንት አከራከረን። ቮልቴጁ ከግፊቱ ጋር እኩል ቢቀንስ፣ ሰበታ ላይ በሩብ ማለት ነው፣ አዮኑ ተመልሶ በ20 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ የብልጭታውም ስጋት ይቀላል። ማራኪ ነው። ዋጋው ግን ጥራት ነው። ተቀራራቢ ጉብታዎችን የመለየት አቅም ከቮልቴጁ ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ስለሚወርድ 13 በመቶ ገደማ እናጣለን። ዒጥርን ከፈንጂ ለመለየት በሚፈለግ መሣሪያ ላይ ያ 13 በመቶ ያሳሳናል። ስለዚህ ቮልቴጁን ሳንነካ ሽቦዎቹን ማራራቅ፣ ሰዓቱን ደግሞ በስሌት ማረም መረጥን። ግፊቱን በ760 አካፍሎ፣ 273ን በቱቦው የኬልቪን ሙቀት አካፍሎ፣ ሁለቱን ከተለካው ፍጥነት ጋር ማባዛት ነው። ስሌቱን የሚያመሳክርልን ማንነቱ የታወቀ ንጥረ ነገርም በየጊዜው ይለካል። የግፊት ዳሳሹ ቦታ ከሣጥኑ ውጭ ሳይሆን አዮኑ ከሚሄድበት ቱቦ ጋር ነው፤ ፓምፑ ሲነሣ የውጩና የውስጡ ግፊት እኩል አይሆኑምና።