ከነጂው ጐን የተቀመጠው ሰው

ከደጎሎ ተነሥቶ የወሎን ደጋ በመኪና ያቋረጠ መንገደኛ በሰላም ሲገባ የሚያመሰግነው ሹፌሩን ነው። ዳገት ላይ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያደርገውን ረዳት ግን የሚያስታውሰው የለም። በመኪና እሽቅድምድም ታሪክም ይኸው ዕጣ የደረሰው አንድ ጀርመናዊ ነበረ፤ ስሙም ሐንስ ክሌንክ ይባላል።

ክሌንክ በ1912 ዓ.ም. ተወለደ። በ1944 ዓ.ም. በጀርመን ግራንድ ፕሪ በቬሪታስ መኪና ተወዳድሮ 11ኛ ወጣ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስሙን ባላነሣነው ነበር።

በኅዳር 1945 ዓ.ም. ግን በሜክሲኮ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን ውድድር ካርል ክሊንግ በሚነዳው መርሴዲስ ውስጥ በረዳትነት ተቀመጠ። መንገዱን አስቀድሞ አጥንቶ፥ ኩርባውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ነበርና ለነጂው እያነበበ ያስጠነቅቀው ጀመር። በመጀመሪያው ቀን መኪናው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲበር አንድ ጥንብ አንሣ መስተዋቱን ሰብሮ ገባና ክሌንክን መታው። ፊቱ በደም ቢታጠብም «አትቁም!» አለ እንጂ ውድድሩን አላቋረጠም። በኋላ በመስተዋቱ ፊት የብረት ዘንጎች ተተከሉ፤ በመጨረሻም አሸነፉ።

ዛሬ በራሊ ውድድር ረዳቱ የመንገዱን ማስታወሻ ማንበቡ የተለመደ ነው። ከጀማሪዎቹ አንዱ ክሌንክ ሲሆን፥ በ2001 ዓ.ም. በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ የጀመርን ወጣቶች ሁላችንም መሪ ለመጨበጥ እንቸኩላለን። የሚመጣውን ኩርባ ያጠናነው ግን ስንቶቻችን ነን?