የመኪና ስፒከርና አምፕሊፋየር ሲገዙ ትልቁን ቁጥር ሳይሆን ትንሹን ያንብቡ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «3000 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። ከውስጡ የወጣው አምፕሊፋየር ጎን ላይ የተሰካው ፊውዝ ደግሞ «30» ይላል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ምክንያቱን ካወቁ በዱባይ ሳትዋ፣ በሻርጃ የኢንዱስትሪ አካባቢ ወይም በኩዌት ሹዌክ ካሉት የመኪና ዕቃ መደብሮች ሲገቡ በቀላሉ አይታለሉም።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በሥራዬ በኩል ነው። የተማርኩት ዐረብኛ ነው፤ የምተዳደረው በትርጉም ነው። በሐምሌ ሙቀት አንድ በሹፍርና የሚኖር የአገር ልጅ ደወለልኝና «እህቴ፣ አንድ ወረቀት አለችኝ፤ እባክሽ አንብቢልኝ» አለኝ።

ወረቀቷ የዋስትና ወረቀት ነበረች። ይህ ወንድማችን በቁጠባ ለገዛት አሮጌ መኪናው አንድ ባለ አራት ቻናል አምፕሊፋየርና አራት ስፒከሮች ገዝቶ አስገጥሟል። ሁለት ወር ሳይሞላ የፊት በሮቹ ስፒከሮች ተቃጠሉ። ዕቃውን ይዞ ሲመለስ ሻጩ ወረቀቷን አሳየው።

ዐረብኛው እንዲህ ይል ነበር፦ ዋስትናው የሚሸፍነው የፋብሪካ ጉድለትን ብቻ ነው፤ በ«ሱእ አል-ኢስቲኽዳም»፣ ማለትም በአግባቡ ባለመጠቀም የደረሰ ቃጠሎን አይሸፍንም። ፊርማውም ከታች አለ። ምን እንደፈረመ የነገረው ሰው አልነበረም።

ከዋስትናው ይልቅ ያስገረመኝ ግን የአምፕሊፋየሩ መመሪያ ነው። በመጨረሻው ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ትክክለኛ ኃይል 60 ዋት በ4» ይላል። አራት ጊዜ 60 ማለት 240 ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ የነበረው 3000 የት ገባ?

ሁለቱ የዋት ዓይነቶች

በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ «ማክስ» ወይም «ፒክ» የሚባለው ነው። በዐረብኛ «አል-ቁድራ አል-ቁስዋ» ይሉታል። ዕቃው ለቅጽበት ያህል ሊደርስበት ይችላል የተባለ ቁጥር ነው፤ አንዳንዱ አምራች ያለ ምንም መለኪያ የሚጽፈው ነው።

እርስዎ መፈለግ ያለብዎት «አር ኤም ኤስ» የሚለውን ነው። ይህ ዕቃው ሳይጎዳ ለረጅም ሰዓት ያለማቋረጥ የሚሰጠው ወይም የሚሸከመው ኃይል ነው። በዐረብኛ «አል-ቁድራ አል-ፊዕሊያ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

«ሲ ቲ ኤ 2006» ወይም በቀድሞ ስሙ «ሲ ኢ ኤ 2006» የሚል ምልክት ያለበት አምፕሊፋየር ካገኙ ይመረጣል። ይህ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች መለኪያ ነው፤ ኃይሉ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ የድምፅ መዛባቱ ከ1 በመቶ ሳይበልጥ እንዲለካ ያዝዛል።

ፊውዙ ይናገራል

ምልክቱ ከሌለስ? ያን ጊዜ ፊውዙን ይመልከቱ።

ሞተሩ ሲሠራ የመኪናዎ ኤሌክትሪክ 14 ቮልት አካባቢ ነው። ቢበዛ 14.4 እንበል። ፊውዙ 30 አምፔር ከሆነ፣ 30 ሲባዛ በ14.4 የሚሰጠው 432 ዋት ነው። አምፕሊፋየሩ ሳያቋርጥ ከባትሪው ሊስበው የሚችለው ወደዚህ ይጠጋል።

የሳበው ሁሉ ደግሞ ድምፅ አይሆንም። «ኤቢ ክላስ» የሚባለው የቆየ አሠራር ከሚስበው ወደ 60 በመቶ የሚጠጋውን ለስፒከሩ ይሰጣል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የ432 ዋት 60 በመቶ ወደ 260 ዋት ነው። መመሪያው ካለው 240 ጋር ይስማማል። 3000 ዋት ግን በዚህ ፊውዝ ውስጥ አያልፍም።

ፊውዞቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ አምፔራቸውን ይደምሩ። ፊውዝ በላዩ ላይ ያልተሰካበት ከሆነ መመሪያው የሚያዝዘውን የፊውዝ መጠን ይጠይቁ። ከስልክዎ ካልኩሌተር ሌላ ምንም አያስፈልግዎትም።

ስፒከሩን ያስቀድሙ

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአምፕሊፋየር ወይም ከትልቅ ሳብዉፈር ነው። ይህ ከኋላ ወደፊት መሄድ ነው። የሚሰሙት ከፊትዎ ካሉት ስፒከሮች ስለሆነ ገንዘብዎን በፊት በሮች ይጀምሩ።

መጀመሪያ ልክ ይውሰዱ። በብዙ መኪኖች በር ላይ ያለው 6.5 ኢንች ወይም 6 በ9 ኢንች ነው። ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱም ይለካ። ጥልቀቱ ከበዛ መስኮቱ ሲወርድ መስታወቱ የስፒከሩን ማግኔት ይመታል።

ቀጥሎ ዓይነቱን ይምረጡ። «ኮአክሲያል» የሚባለው ቀጭን ድምፅ የምታወጣዋን ትንሽ ስፒከር መሐሉ ላይ የተሸከመ ነው፤ ለመግጠም ቀላል ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል። «ኮምፖነንት» የሚባለው ትንሿን ስፒከር ለብቻዋ ከፍ አድርጎ፣ ከመስታወቱ ጥግ አካባቢ እንዲገጥሙ ያስችላል። ድምፁ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከፊት ለፊትዎ የሚመጣ ይመስላል፤ ሥራውና ዋጋው ግን ይጨምራል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘልለው ቁጥር ነው፦ «ሴንሲቲቪቲ»፣ በዴሲቤል የሚጻፈው። ስፒከሩ በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግርዎታል። በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ያንኑ ድምፅ በግማሽ ኃይል ይሰጣል። 87 ዴሲቤል የሆነው በ60 ዋት የሚያወጣውን፣ 90 የሆነው በ30 ዋት ያወጣዋል።

ይህ በተለይ አምፕሊፋየር ለማይገዙ ሰዎች ይጠቅማል። ከመኪናው ጋር የመጣ ቴፕ «50 በ4» ቢልም፣ በተግባር ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከ20 ዋት አይበልጥም። በዚህ ኃይል 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሆነ ስፒከር ይምረጡ።

አምፕሊፋየሩን ከስፒከሩ ጋር ያጋቡ

ስፒከሩ 60 ዋት አር ኤም ኤስ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቻናል ከ50 እስከ 75 ዋት አር ኤም ኤስ የሚሰጥ አምፕሊፋየር ይስማማዋል። ትንሽ ቢበልጥ አይከፋም፤ የሚገድለው አስተካከሉ ነው።

ኦሙንም ያዩ። የመኪና ስፒከር በብዛት 4 ኦም ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች በትይዩ በአንድ ቻናል ላይ ከተገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ ይህን ካልቻለ ይግላል፣ ይጠፋል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ሁለት ቻናል አጣምረው ለሳብዉፈር ሲጠቀሙ ደግሞ ብዙዎቹ ከ4 ኦም በታች አይፈቅዱም። መመሪያውን ያንብቡ።

በባሕረ ሰላጤው ሙቀት «ዲ ክላስ» የሆነ አምፕሊፋየር ይመረጣል። ኃይል የሚያባክነው ትንሽ ነው፤ የሚግለውም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። በነሐሴ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። በዚያ ላይ አምፕሊፋየሩን ምንጣፍ ሥር ወይም ሻንጣ በሚደራረብበት ቦታ ካስገጠሙት ራሱን ለማዳን እየደጋገመ ይጠፋል። አየር የሚያገኝበት ቦታ ይስጡት።

እሳት የሚነሣው ከሽቦ ነው

እዚህ ላይ ነገሩ ከድምፅ ወደ ሕይወት ይዞራል። ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ገመድ የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል፤ ፊውዙም ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይቀመጥ። ገመዱ በብረት ተፍቆ ሻሲውን ቢነካ ያንን እሳት የሚያስቆመው እሱ ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ለዚህ አይረዳም።

ገመዱ ንጹሕ መዳብ ይሁን። በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ከውጭ ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም። አንዷን ክር በቢላ ፋቅ አድርጉልኝ ይበሉ። ውስጧ ነጭ ከሆነች አሉሚኒየም ናት፤ ያን ያህል ኃይል ለማስተላለፍ ከመዳቡ የወፈረ ገመድ ያስፈልጋል። በ«ጌጅ» አቆጣጠር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ገመዱ እንደሚወፍርም አይርሱ፤ 4 ከ8 ይወፍራል።

የሻሲ ገመዱ አጭር ይሁን፤ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር።

መኪናው የእርስዎ ካልሆነ፣ የአሠሪ ወይም የኪራይ ከሆነ፣ ገመድ አያስቆርጡ። ያለ ፈቃድ የተቆረጠች አንዲት ሽቦ ከደመወዝዎ ልትቆረጥ ትችላለች። ከመኪናው ሶኬት ጋር የሚገጥም አዳፕተር አለ፤ ሲለቁ ነቅለው ይሄዳሉ።

የተቃጠሉት ስፒከሮች ነገር

የወንድማችን ስፒከሮች ለምን ተቃጠሉ? «3000 ዋት» ያለውን አምኖ ስለነበር የጠበቀውን ያህል ሳይጮህ ሲቀር «ጌይን» የሚለውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ብዙ ሰው ጌይንን ድምፅ መጨመሪያ አድርጎ ይወስደዋል። እሱ ግን አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ጋር ማስማሚያ ነው። ከልክ ሲያልፍ አምፕሊፋየሩ የሌለውን ኃይል ለመስጠት ሲሞክር የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፤ የስፒከሩም ጥቅል ሽቦ ከሚችለው በላይ ይግላል። የእሱ ስፒከሮች ደግሞ ካርቶናቸው 350 ዋት ቢልም የሚሸከሙት 40 ዋት ነበር።

በትክክል የሚስተካከለው እንዲህ ነው። ጌይኑን እስከ ታች ይመልሱ። «ባስ ቡስት» የሚባለውን ያጥፉ። ቴፑን ከሙሉ ድምፁ ሦስት አራተኛ ላይ ያድርሱ። ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሰው እዚያው ይተዉት።

ከዚያ ማጣሪያውን ያብሩ። «ኤች ፒ ኤፍ» የሚለውን 80 ኸርዝ አካባቢ ሲያደርጉት ወፍራሙ ድምፅ ወደ በር ስፒከሮች አይሄድም። እነሱም ያርፋሉ፤ ድምፁም ይጠራል።

በጆሮዎ ይፈትኑ

ሻጩ የሚያሰማዎት ሙዚቃ ዕቃውን እንዲያደምቅ የተመረጠ ነው። በደንብ የሚያውቁትን ይዘው ይሂዱ። ከበሮው ወፍራሙን፣ ማሲንቆውና የዘፋኙ ድምፅ መካከለኛውን፣ ጽናጽሉ ቀጭኑን ይፈትናል። መዝሙር ይሁን መንዙማ ለውጥ የለውም። ቃሉ ጥርት ብሎ ካልተሰማዎት፣ ከበሮው ቢያንቀጠቅጥዎትም አይግዙ።

የ1960ዎቹ የሸክላ ቅጂዎች ወፍራም ድምፃቸው ትንሽ ነው፤ የሚያዳምጡት በብዛት እነሱን ከሆነ ሳብዉፈር ብዙም አይጨምርልዎትም።

ከመጠን ያለፈ ድምፅም ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው 4 ሰዓት ምንም አይደለም። በኤምሬትስ ደግሞ በተሽከርካሪ ድምፅ መረበሽ ቅጣትና ጥቁር ነጥብ ያስከትላል።

ከመክፈልዎ በፊት

በብዙ መደብሮች ሻጩ ራሱ ዐረብ አይደለም፤ ደረሰኙና ዋስትናው ግን በዐረብኛ ይሆናል። ሦስት ጥያቄዎች ይያዙ። «ካም አል-ቁድራ አል-ፊዕሊያ?» ማለት ትክክለኛ ኃይሉ ስንት ነው ማለት ነው። «ኑሓስ ሳፊ?» ንጹሕ መዳብ ነው ወይ? «ፊ ደማን?» ዋስትና አለው ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ቃጠሎን ይሸፍን እንደሆነ፣ መግጠሙንም እንደሚጨምር ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ ፎቶ አንሥተው ለሚያነብልዎት ሰው ይላኩ።

ያ ወንድማችን ለተቃጠሉት ገንዘቡን አላስመለሰም። አምፕሊፋየሩን ግን አልጣለውም፤ እንደ 60 ዋት ዕቃ ካዩት ደኅና ዕቃ ነበር። ለፊት በሮች ብቻ 60 ዋት አር ኤም ኤስ የሚሸከሙ ሁለት ስፒከሮች ገዛ፤ ገመዱን በመዳብ ቀየረ፤ ጌይኑን ዝቅ፣ ማጣሪያውን 80 ላይ አደረገ።

ከሳምንት በኋላ ደውሎ ያለኝ ይህን ነው፦ «እህቴ፣ ዘፈኑን ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ ግጥሙን ግን ገና አሁን ሰማሁት።»