ስለ ነባሪቱ ድመትና ስለ አዲሲቱ ግልገል

ድመት በብዙ ሰው ቤት ትኖራለች። እኽል ከሚቀመጥበት ከጎተራና ከጓዳ አይጥን ታጠፋለች፤ ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ እርስዋ ነቅታ ትዞራለች፤ ቀን ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ ታንቀላፋለች። ይህች ድመት ባረጀች ጊዜ፥ ወይም የጎረቤት ድመት ወልዳ ከልጆችዋ አንዲቱ በተሰጠችን ጊዜ፥ ሁለተኛ ድመት ወደ ቤት ትመጣለች።

ያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ግልገሊቱን ከቅርጫት አውጥተው በነባሪቱ ፊት ያኖሩዋታል፤ «እነሆ፥ እኅት መጣችልሽ፤ ተዋደዱ» ይላሉ። ነባሪቱ ግን ጀርባዋን ታጎብጣለች፤ ጠጕርዋን ታቆማለች፤ ጥርስዋን አሳይታ እንደ እባብ ድምፅ ታሰማለች፤ ትቧጭራለችም። ግልገሊቱ ከአልጋ ሥር ገብታ ትንቀጠቀጣለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሁለቱ አንዲቱ ከቤት ወጥታ ትጠፋለች፤ ወይም «ይህች ክፉ ናት» ተብላ በመንገድ ትጣላለች። ልጆች ሆይ፥ ይህ ጥፋት የመጣው ከድመቶቹ ክፋት አይደለም፤ ከሰው ችኮላ ነው እንጂ። ምክንያቱን ብታውቁ ሁለቱንም ለማዳን ትችላላችሁ።

በግ ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣ ከመንጋው ጋር ቶሎ ይቀላቀላል፤ በግ በተፈጥሮው ከብዙ ባልንጀሮች ጋር የሚኖር እንስሳ ነውና። የድመት ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የቤት ድመት ዘርዋ በአፍሪቃና በምዕራብ እስያ ከሚኖረው ከዱር ድመት ነው። ይህ የዱር ድመት ብቻውን ያድናል፤ ብቻውንም ይበላል። አንዲት አይጥ ለሁለት አትበቃምና የሚያድንበትን ስፍራ ለራሱ ይጠብቃል፤ እንግዳ ድመት ሲያይም ምግቡ እንዳይወሰድበት ይሠጋል።

ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከረጅም ዘመን በፊት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓመት የፈረንሳይ ሊቃውንት በቆጵሮስ ደሴት፥ ሺሉሮካምቦስ በተባለ ስፍራ፥ ከሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት ማግኘታቸውን አስታወቁ። ያ መቃብር 9,500 ዓመት ያህል ሆኖታል። ሊቃውንት እንደሚያስቡት፥ ሰው እኽል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፤ ድመትም አይጡን ተከትላ መጣች። ነገር ግን ከሰው ጋር መኖርን ብትማርም የጥንት ጠባይዋን ፈጽማ አልተወችም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንዲሉ ነው። ቢሆንም ምግብ በሚበዛበት ስፍራ እናትና ልጅ፥ እኅትማማቾችም አብረው ሲኖሩ ይታያል። ስለዚህ መስማማት ለድመት የማይቻል ነገር አይደለም፤ ጊዜን ግን ይፈልጋል።

ደግሞ ይህን አስተውሉ። ሰው ባልንጀራውን ፊቱን አይቶ ያውቀዋል፤ ድመት ግን ይልቁን በማሽተት ታውቃለች። ጉንጭዋን በበር መቃን፥ በወንበር እግር፥ በሰውም ቀሚስ ላይ ስታሻሽ አይታችሁ ይሆናል። ይህን ስታደርግ ሰው የማይሸተውን የራስዋን ጠረን ትተዋለች። ያም ጠረን ለእርስዋ እንደ ማኅተም ነው፤ «ይህ ስፍራ የታወቀ ነው፥ የሚያስፈራ ነገር የለበትም» የሚል ምልክት ነው። እንግዲህ የማታውቀው ጠረን ያላት እንስሳ በድንገት በቤትዋ መካከል ብትገኝ እንዴት አትደነግጥም? ግልገሊቱም ከእናትዋ ተለይታ ወደ ማታውቀው ቤት መጥታለችና ፍርሃትዋ ከነባሪቱ አያንስም። ስለዚህ አስቀድመው በጠረን፥ ከዚያ በኋላ በዓይን፥ በመጨረሻም በአካል ይተዋወቁ። አካሄዱም እንደዚህ ነው።

አንደኛ፥ መለየት። ግልገሊቱ ከእናትዋ የምትለየው ቢያንስ 8 ሳምንት ከሞላት በኋላ ይሁን። እንደ መጣች በር በሚዘጋበት፥ እሳት በማይነድበት ክፍል ለብቻዋ አኑሩዋት። በዚያም ምግብ፥ ውኃ፥ የምትተኛበት ጨርቅና አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር ያለበት ሣጥን ይኑራት። ቁንጫና ወስፋት ወይም ሌላ ደዌ ይዛ እንደ ሆነ ወደ ነባሪቱ እንዳይተላለፍ፥ ከመገናኘታቸው በፊት የእንስሳት ሐኪም ቢያያት መልካም ነው። ሦስት ወር ሲሞላትም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ትከተብ፤ ይህ በሽታ ድመትንም ይይዛልና።

ሁለተኛ፥ ጠረን መለዋወጥ። በንጹሕ ጨርቅ የግልገሊቱን ጉንጭ ቀስ አድርጋችሁ አሹ፤ ጨርቁንም ነባሪቱ ከምትበላበት ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት። በሌላ ጨርቅ የነባሪቱን ጠረን ለግልገሊቱ ውሰዱላት። ነባሪቱ ጨርቁን አሽትታ ብትቈጣ አትገሥጹዋት፤ ጨርቁን አርቁት፥ በማግሥቱም እንደ ገና ሞክሩ። አሽትታ ዝም ብላ ካለፈች አንድ ደረጃ ተሻገራችሁ።

ሦስተኛ፥ በበር ወዲህና ወዲያ መብላት። በሩ እንደ ተዘጋ ሁለቱን በአንድ ሰዓት መግቡዋቸው፤ ነባሪቱ ከበሩ ወዲህ፥ ግልገሊቱ ከበሩ ወዲያ ትብላ። በመጀመሪያ ሳሕኖቹ ከበሩ ይራቁ፤ በየቀኑ ግን ጥቂት በጥቂት ወደ በሩ ይቅረቡ። ነባሪቱ የግልገሊቱን ጠረን በሸተተች ቍጥር ምግብ ስታገኝ፥ ያ ጠረን የሚጎዳት ሳይሆን የሚጠቅማት መሆኑን ትለምዳለች።

አራተኛ፥ መተያየትና መገናኘት። ሁለቱ ከበሩ አጠገብ በሰላም መብላት ከቻሉ፥ ድመት እንዳታልፍ በሩን ጥቂት ብቻ ከፍታችሁ ይተያዩ። ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ፥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፥ ሰው እየጠበቃቸው ይገናኙ። ግልገል መዝለልና መጫወት ስለምትወድ ሽማግሌይቱን ታሰለቻለች፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ በክር ጫፍ ላባ አስራችሁ እስክትደክም አጫውቱዋት። ጨዋታው ሲያልቅ ክሩን አንሡት፤ ብትውጠው ይጎዳታልና። ነባሪቱም መሸሽ ብትፈልግ የምትወጣበት ከፍ ያለ ስፍራ ይኑራት።

ነባሪቱ ብታጉረመርም ወይም ጥፍርዋን ሳታወጣ በመዳፍዋ መታ ብታደርጋት አትደንግጡ። ይህ «ራቂኝ» የምትልበት ቋንቋዋ ነው፤ ግልገሊቱም ከዚህ ሥርዓትን ትማራለች። ነገር ግን ሁለቱ ጆሮአቸውን ወደ ኋላ አጣጥፈው፥ እየጮኹ ቢያያዙ ክፉ ጠብ ነው። በመካከላቸው እጃችሁን ከቶ አታግቡ፤ ብርድ ልብስ ጣሉባቸው ወይም ሳንቃ በመካከል አስገቡና ለዩዋቸው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመለሱ። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቢኖር ቍስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና ይጠብ፤ ለወላጆቹም ነግሮ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ነባሪቱን በበትር መምታት ከሁሉ የከፋ ነው። እርስዋ የተመታችበትን ምክንያት አታውቅም፤ ይህን ብቻ ታውቃለች፤ ግልገሊቱ ሳትመጣ በትር አልነበረም፥ ግልገሊቱ ስትመጣ በትር መጣ። ስለዚህ ጥላቻዋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አምስተኛ፥ የነባሪቱን ድርሻ አለመንካት። የምትበላበት ሳሕን፥ የምትተኛበትም ስፍራ እንደ ቀድሞው የእርስዋ ይሁን። ለግልገሊቱ ሌላ ሳሕንና ሌላ መኝታ ይሰጣት። የአሸዋውም ሣጥን ከድመቶቹ ቍጥር በአንድ ቢበልጥ መልካም ነው፤ ለሁለት ድመት ሦስት ሣጥን በተለያየ ስፍራ ይቀመጥ። ልጆች ግልገሊቱን ቀኑን ሁሉ በእቅፋቸው ይዘው ይውላሉ፤ ነባሪቱንም ይረሱዋታል። ስንት ዓመት እኽላችሁን የጠበቀች እርስዋ ናት። ምግብ ስታቀርቡ አስቀድማችሁ ለእርስዋ ስጡ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለሱም አስቀድማችሁ እርስዋን ዳስሱ።

ይህ ሁሉ ስንት ቀን ይፈጃል ብትሉ፥ ለአንዳንዶቹ ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ለሌሎቹ ግን ወራት ያስፈልጋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ደግሞም ድመቶች ሁሉ ወዳጆች አይሆኑም። አንዳንዶቹ ተቃቅፈው ይተኛሉ፤ አንዳንዶቹ ግን በአንድ ቤት ወዲያና ወዲህ ሆነው ሳይጣሉ ይኖራሉ። ይህም ቢሆን ሰላም ነው፤ ሰው ከዚህ የበለጠ ሊያስገድዳቸው አይገባም።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ነገር በሰው ዘንድም ይታያል። በቤት ሕፃን ሲወለድ ታላቁ ልጅ ያኮርፋል፤ «እናቴ ረሳችኝ» ብሎ በስውር ያለቅሳል። ቢቈጡት ኵርፊያው ይጸናል፤ እንደ ቀድሞው አቅፈው፥ ድርሻውን ጠብቀው ቢይዙት ግን ራሱ መጥቶ የሕፃኑን እጅ ይይዛል። በትምህርት ቤትም አዲስ ተማሪ ሲመጣ እንዲሁ ነው። ነባሮቹ ስፍራቸው እንዳይወሰድ ይሠጋሉ፤ አዲሱም እንዳይጠሉት ይፈራል። ከሁለቱ ወገን የሚበረታው ነባሩ ነውና፥ ስፍራ መልቀቅ የሚጀምረው እርሱ ይሁን። እንግዳውም የነባሩን ስፍራ አይቀማ፤ የሚሰጠውን ስፍራ በትዕግሥት ይጠብቅ።

ስለዚህ የተቈጣ ፍጥረት ባያችሁ ጊዜ «ክፉ ነው» ለማለት አትቸኵሉ፤ «ምን እንዳይወሰድበት ፈርቶ ይሆን?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።