ኩላሊትን ከጉዳት የሚጠብቁ መድኃኒቶች በአልትራሳውንድ ሲፈተኑ

ሁለቱ ኩላሊቶች አንድ ላይ ቢመዘኑ ከ300 ግራም ብዙም አይርቁም። ልብ ከሚረጨው ደም ግን አንድ አምስተኛው ወደ እነሱ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ደም እየገባላቸው ውስጠኛው ክፍላቸው ዘወትር ኦክስጅን እንዳነሰው ይኖራል፤ አብዛኛው ደም የሚዞረው በውጨኛው ክፍል ነውና። የደም ግፊት ሲወርድ ቀድሞ የሚጎዳውም ይኸው ውስጠኛው ክፍል ነው።

ጉዳቱ ቶሎ አለመታወቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሐኪም የሚያዘው የክሪያቲኒን የደም ምርመራ ውጤት ከፍ የሚለው አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። ሰውየው የኩላሊቱን ግማሽ አቅም አጥቶም ውጤቱ «ኖርማል» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። መድኃኒት ሊያድን የሚችለው በእነዚያ ባለፉት ሰዓታት ውስጥ ነበር።

ሲስፕላቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት እናንሳ። በአሜሪካ የተፈቀደው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙ ሰው አትርፏል፣ ከሚወስዱት ሲሶ ያህሉን ግን ኩላሊታቸውን ይጎዳል። በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ መስጠት ጉዳቱን እንደሚቀንስ በ1970ዎቹ ታወቀ። በ1995 ደግሞ አሚፎስቲን የተባለ መከላከያ ተፈቀደ። ፍለጋው ግን ዛሬም አላበቃም፤ በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ይቀጥላል።

ቀድሞ መድኃኒቱ መሥራቱን ለማየት በየቀኑ የተወሰኑ አይጦችን ገድሎ ኩላሊታቸውን ቆርጦ ማየት ግድ ነበር። አልትራሳውንድ አንዷን አይጥ ከጉዳቱ በፊት፣ በጉዳቱ ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደጋግሞ ለማየት አስቻለ። አይጧ በማደንዘዣ ተኝታ ሞቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፤ የጎኗ ፀጉር ተላጭቶ ለብ ያለ ጄል ይቀባል። ለሰው ሆድ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ሲበቃ፣ ለእሷ ባቄላ ለምታክል ኩላሊት እስከ 40 ይወጣል። ድምፁ ሲቀጥን ሥዕሉ ይጠራል፤ ርቆ ግን አይሄድም።

ጉዳቱን ለመፍጠር ተመራማሪው የኩላሊቷን ደም ሥር በትንሽ መቆንጠጫ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይዘጋዋል። ዶፕለር በተባለው የአልትራሳውንድ ዘዴ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ይታይ የነበረው የደም ፍሰት ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል። መቆንጠጫው ሲለቀቅ ቀለሙ ወደ ትልልቆቹ ደም ሥሮች ይመለሳል። ወሳኞቹ ግን ዶፕለር የማያያቸው ቀጫጭኖቹ ናቸው። እዚህ ላይ የጋዝ አረፋዎች ይመጣሉ፤ መጠናቸው ከቀይ የደም ሴል ጋር የሚቀራረብ ነው። በደም ሥር ተሰጥተው ኩላሊቱን በነጭ ብርሃን ይሞሉታል። ከዚያ በጠንካራ ሞገድ ይፈነዱና ሥዕሉ ይጨልማል፤ ተመልሶ እስኪሞላ የሚፈጀው ጊዜ ይለካል። ጋዙ በሳንባ ስለሚወጣ ኩላሊትን አያስቸግርም። ለሲቲ ስካን የሚሰጠው አዮዲን ያለበት ንጥረ ነገር ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የሚያሰጋ ስለሆነ፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

እኔ አጥብቄ የምፈራው ግን የደም ፍሰትን ከመዳን ጋር ማምታታትን ነው። ዶፓሚን በትንሽ መጠን ሲሰጥ ሽንት ይጨምራል፤ ለዓመታት በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች «ለኩላሊት» እየተባለ ይንጠለጠል ነበር። በ2000 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 328 ታማሚዎች የተካተቱበት ጥናት ሲወጣ፣ ኩላሊትን ከጉዳት እንደማይጠብቅ ታየ። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ ያማረ ሥዕል ያሳየ መድኃኒት ሁሉ በክሪያቲኒንና በማይክሮስኮፕ ካልተመሰከረለት አላምነውም። በዶፕለር የሚሰላው የደም ሥር ተቃውሞ መጠንም እንዲሁ ነው፤ ከ0.70 ሲያልፍ ከፍ ብሏል ይባላል፣ ነገር ግን ዕድሜና የደረቀ ደም ሥርም ከፍ ያደርጉታል።

በጣም ያስገረመኝ በ2013 ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሥራ ነው። የኩላሊታቸው ደም ሥር ከመዘጋቱ ከአንድ ቀን በፊት አልትራሳውንድ የተደረገላቸው አይጦች፣ ምንም መድኃኒት ሳይወስዱ ጉዳቱ ቀለለላቸው። ጣፊያቸው አስቀድሞ የወጣላቸው አይጦች ላይ ግን ጥበቃው አልታየም፤ ሞገዱ በጣፊያ በኩል የሰውነትን ብግነት ያበርዳል ማለት ነው። እንግዲህ መመልከቻው ራሱ መድኃኒት ሊሆን ከቻለ፣ መድኃኒት ያልወሰዱት አይጦችም በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ኃይል፣ ለዚያው ያህል ደቂቃ መታየት አለባቸው።