የሚይዝ ፍሬን

ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል ወደ አዳማ የሚወርድ ካሚዮን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ የፍሬን ነገር ቀላል አይደለም። አሮጌው ካሚዮን በሜዳ ሲከብድበት ነጂው ጭነቱን ወይም ሞተሩን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን የያዘው የኋላው ፍሬን ነው። ሸራው ከታምቡሩ ሳይላቀቅ ሲፋተግ ብረቱ ይግላል፤ ግለቱም ዘይቱን ያፈላዋል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲረገጥ ይጨመቃልና ፍሬኑ በቁልቁለት መካከል ይከዳል።

የትኛው እግር እንደ ያዘ ለማወቅ እጅን ሳያስነኩ ማስጠጋት ይበቃል፤ የያዘው ይጋረፋል። ከዚያ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ታግተው፣ የኋላው በክሪክ ተነሥቶ በጽኑ ድጋፍ ይቀመጥ፤ ማርሹና የእጅ ፍሬኑ ተለቀው ጎማው በእጅ ይዙር። እንቢ ቢል የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይላላ። ያን ጊዜ የዞረ እንደ ሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ አቧራና ጭቃ የገባበት ገመድ በሽፋኑ ውስጥ ይዝጋልና። አሁንም ከያዘ የዘይቱ ማስተንፈሻ ብሎን በጥቂቱ ይከፈት (ኋላ አየሩን ማስወጣት አይረሳ)። ዘይቱ ተፈናጥሮ ጎማው ቢለቅ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያበጠ አሮጌ ቱቦ ዘይቱን አግቶታል። ባይለቅ ታምቡሩ ይውጣ፤ የደከመ ሞላ ወይም የዛገ ፒስተን በዚያ ይገኛል። የታምቡሩን ትቢያ ግን በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና ሳንባን ይጎዳል።