የክፍል ደረጃ የቴክሳስን ዩኒቨርሲቲዎች በር እንዴት ይከፍታል?

በዳላስ፣ በጋርላንድና በሂውስተን ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ከአገር ቤት ይዘውት መጥተዋል። አገር ቤት ደረጃው በሪፖርት ካርዱ ላይ ይሰፍራል፤ ዩኒቨርሲቲ መግባትን የሚወስነው ግን ብሔራዊ ፈተናው ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግን ደረጃው ራሱ በሕግ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይሆናል። ብዙ ወላጅ ይህን የሚሰማው ልጁ 12ኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚስተካከለው ነገር ጥቂት ነው።

ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ከአንድ ዓመት በፊት የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሆፕውድ በተባለው ክርክር የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበል ዘርን ከግምት እንዳያስገባ ወስኖ ነበር። የጥቁርና የሂስፓኒክ ተማሪዎች ቁጥር እንዳይመናመን የሰጉ የሕግ አውጪዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ረቂቁን በተወካዮች ምክር ቤት ኢርማ ራንጀል፣ በሴኔት ደግሞ ጎንዛሎ ባሪየንቶስ ይዘውት ቀረቡ፤ በጊዜው የግዛቱ ገዥ የነበሩት ጆርጅ ቡሽ ፈረሙበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በሀብታም ሰፈር ያለ ትምህርት ቤትም ሆነ በሜክሲኮ ድንበር ወይም በገጠር ያለ ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪ አለውና እያንዳንዱ የራሱን ጎበዞች ይላክ። ተማሪው የሚወዳደረው አብረውት ከተማሩት፣ ያንኑ መምህርና ያንኑ ቤተ ሙከራ ከተጋሩት ልጆች ጋር ነው። እኔ ይህን ፍትሐዊ ሆኖ አገኘዋለሁ። የግል አስጠኚ መቅጠር ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል ብዙ የለም።

በሕጉ መሠረት ከትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ከላይኛው 10 በመቶ ውስጥ የሆነ የቴክሳስ ነዋሪ፣ ሌሎቹን መመዘኛዎች አሟልቶ በጊዜው ካመለከተ፣ የግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል። ትልቁ ልዩነት ያለው ኦስቲን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ መንገድ የሚገባው ተማሪ ሌላውን ሁሉ ሊያስወጣ ስለተቃረበ፣ በ2009 የወጣ ማሻሻያ ዩኒቨርሲቲው ለቴክሳስ ነዋሪዎች ከያዘው ቦታ 75 በመቶውን ብቻ በደረጃ እንዲሞላ ፈቀደለት። ስለዚህ ኦስቲን መቁረጫውን በየጊዜው ያወጣል። በ2019 ለሚገቡ ተማሪዎች 6 በመቶ ነበር፤ በ2026 መኸር ለሚገቡት ደግሞ ወደ 5 በመቶ ወርዷል።

በቁጥር እንየው። በአንድ ትምህርት ቤት 400 ተመራቂዎች አሉ እንበል። 10 በመቶው 40፣ 5 በመቶው 20 ተማሪ ነው። 30ኛ የወጣች ልጅ ሌላው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በቀጥታ ይቀበላታል። ኦስቲን ግን ድርሰቷን፣ የወሰደቻቸውን ኮርሶችና ሌሎች ሥራዎቿን አይቶ ከሌሎች አመልካቾች ጋር ያወዳድራታል። መግባት ትችላለች፤ ዋስትና ግን የላትም። ልብ በሉ፣ ደረጃው የሚወጣው እንደ አገር ቤት በአንድ ክፍል ውስጥ ካሉት 50 ወይም 60 ልጆች መካከል ሳይሆን በዚያ ዓመት ከሚመረቀው ባች በሙሉ ነው።

ቤተሰቦችን በጣም የሚጎዳው የደረጃው አሰላል ነው። ሁሉንም ትምህርት «ኤ» ያመጣ ልጅ ከላይኛው 10 በመቶ ውጭ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም አብዛኞቹ የትምህርት ዲስትሪክቶች ለከባድ ኮርሶች ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ። በመደበኛ ኮርስ የተገኘ «ኤ» 4 ነጥብ ሲያገኝ፣ የኮሌጅ ደረጃ ባለው ኤፒ በሚባለው ኮርስ የተገኘው 5 ሊያገኝ ይችላል። መለኪያው፣ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርና የኮሌጅ ክሬዲት የሚያስገኘው ዱዋል ክሬዲት ምን ያህል እንደሚመዝን ከዲስትሪክት ዲስትሪክት ይለያያል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተመረጠው ኮርስ እስከ መጨረሻው አብሮ ይደመራል። ስለዚህ የኮርስ መምረጫው ቅጽ ወደ ቤት ሲመጣ ፈርሞ ብቻ መመለስ ልጁን ይጎዳዋል። ከኢትዮጵያ በመሀል ተዛውሮ የመጣ ተማሪ ካለም፣ እዚያ ያገኘው ውጤት በደረጃው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ካውንስለሩን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ደረጃው ብቻውንም አይበቃም። ተማሪው አልጀብራ 2 የሚጠይቀውን ከፍተኛ የምረቃ መርሐ ግብር ማጠናቀቅ ወይም በኤስኤቲ ወይም በኤሲቲ ፈተና የተወሰነውን ነጥብ ማምጣት አለበት። ኦስቲን በደረጃ የሚገቡትንም ጭምር የፈተና ውጤት ይጠይቃል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ይህ ነው፦ ሕጉ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንጂ ወደ ተፈለገው የትምህርት መስክ አያስገባም። ልጃቸው ነርሲንግ፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ እንድትማር የሚሹ ወላጆች በደረጃ ገብታም የመረጠችውን መስክ ላታገኝ እንደምትችል ይወቁ። ለእነዚህ መስኮች ውድድሩ ብርቱ ስለሆነ ድርሰቱና ውጤቱ ያኔም ይፈለጋሉ።

ገንዘቡም ለብቻው የሚጠየቅ ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ከ2025 መኸር ጀምሮ የቤተሰባቸው ዓመታዊ ገቢ ከ100 ሺህ ዶላር የማይበልጥ የግዛቱ ነዋሪ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ እንዲሸፈንላቸው ወስኗል። ይህን ለማግኘት የገንዘብ ዕርዳታ ማመልከቻውን መሙላት ግድ ነው። ማመልከቻውን ያልሞላ፣ አንደኛ ወጥቶም ቢሆን፣ ዕርዳታውን አያገኝም።

ልጅዎ 8ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ከሆነ በዚህ የትምህርት ዓመት ከካውንስለሩ ጋር ቀጠሮ ይያዙ። ደረጃው እንዴት እንደሚሰላ፣ የትኞቹ ኮርሶች ተጨማሪ ነጥብ እንዳላቸውና ልጁ አሁን ስንተኛ እንደሆነ ይጠይቁ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ ትምህርት ቤቱን ከመጠየቅ አይፈሩ፤ መብትዎ ነው።