ያገለገለ መጎተቻና የተሳቢ መብራት ሽቦ አገጣጠም፦ ስለ አንዲት ነጭ ሽቦ



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበቡ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ ለጋራዥ ነው ወይስ ለአዳራሽ?» ብለው በፈገግታ ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የኤሌክትሪክ ዑደትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስተምሬአለሁ። አንድ ዑደት የሚሠራው መመለሻ መንገድ ሲኖረው ብቻ መሆኑ ከልቤ የገባኝ ግን በገዛ እጄ የሠራሁት ሥራ ራሴን ጨምሮ አምስት ሰዎችን ለአደጋ ካጋለጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አገጣጠሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ስሕተቴም ጭምር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የትምህርት ክፍላችን ለመስክ ሥራ የሚገለገልበት አንድ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለ። አንድ ፕሮጀክት ሲያበቃ ደግሞ ባለ ሁለት ጎማ አነስተኛ ተሳቢ ትቶልን ሄደ። 500 ሊትር ውኃ ከነታንከሩና የአፈር ናሙና መውሰጃ መሣሪያዎቻችን ሲጫኑበት የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 750 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ በአውሮፓ ደንብ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው። መኪናው ግን መጎተቻ አልነበረውም። ለአዲስ መጎተቻ በጀት ስላልተገኘ እኔው ራሴ ወደ ሱማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ገዛሁ፤ ገጠማውንም «እኔ እሠራዋለሁ» ብዬ ወሰድሁ።

ያገለገለ መጎተቻ ሲመረመር

ያገለገለ መጎተቻ ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈለገው ብረቱ ላይ የተለጠፈው ትንሽ ሰሌዳ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 55 መሠረት የተፈተነ መጎተቻ «ኢ» የሚለው የላቲን ፊደል በክብ ውስጥ ተጽፎበት፣ ከጎኑም ሁለት ቁጥሮች ይገኙበታል። አንደኛው «ዲ» የሚባለው ሲሆን መኪናውና ተሳቢው እርስ በርስ ሲሳሳቡ መጎተቻው ሊሸከመው የሚችለውን አግድም ኃይል በኪሎ ኒውተን ይገልጻል። ሁለተኛው «ኤስ» ሲሆን በኳሱ ላይ ከላይ ወደ ታች ሊያርፍ የሚፈቀደውን ክብደት በኪሎ ግራም ያመለክታል። ሰሌዳው ከጠፋ ብረቱ ምን ያህል እንደሚችል የሚነግረን ነገር የለም፤ ስለዚህ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የመኪናውን ሙሉ ክብደት በተሳቢው ሙሉ ክብደት አባዝተን፣ ለሁለቱ ድምር አካፍለን፣ ውጤቱን በ9.81 እናባዛለን። ክብደቶቹ በቶን ይሁኑ። መኪናው ከነጭነቱ 2.7 ቶን፣ ተሳቢው 0.75 ቶን ቢሆኑ ውጤቱ 5.76 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይመጣል። በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ማነስ የለበትም። የእኔው መጎተቻ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ነበረው፤ በዚህ በኩል ስሕተት አልሠራሁም።

ቀጥሎ ብየዳዎቹ ይመረመራሉ። ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናልና በየማዕዘኑ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ይታይ። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ክብነታቸውን ትተው ሞላላ ከሆኑ፣ መጎተቻው ላልቶ እየተንገጫገጨ ለረዥም ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። ኳሱ ሲመረት ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ በካሊፐር ሲለካ 49 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አልቋልና ይቀየራል። የተጣመመ መጎተቻን በእሳት አሙቆ ማቃናት ወይም ለሌላ መኪና የተሠራውን ቆርጦ በብየዳ ማስማማት ፈጽሞ አይገባም፤ ሙቀት የብረቱን ጠባይ ስለሚለውጥ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዋጋ የለውም።

ገጠማው

መጎተቻው አሮጌ ቢሆንም ቡሎኖቹና ዳዶዎቹ አዲስ መሆን አለባቸው። በቡሎን ራስ ላይ 8.8 የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ስምንት ብረቱ የሚበጠስበት ውጥረት 800 ሜጋ ፓስካል መሆኑን ሲያመለክት፣ ሁለተኛው ስምንት ደግሞ የዚያ ሰማንያ በመቶ ሲደርስ ቡሎኑ ተለጥጦ ወደ ቦታው መመለስ እንደሚያቅተው ይናገራል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርሱ ላይ ያለው ውጤታማ ስፋት 84.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አንዱ ቡሎን ብቻ ከ67 ኪሎ ኒውተን በላይ ካልተሳበ አይበጠስም።

ታዲያ ቡሎን ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ መጎተቻ ለምን ይላላል? ጭነቱን መሸከም ያለበት የቡሎኑ ግንድ ሳይሆን በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ሰበቃ ስለሆነ ነው። ቡሎኑ ብረቱን ከሻንሲው ጋር አጥብቆ ሲጨምቅ ሰበቃው ብረቱን ከመንሸራተት ይከለክላል። በመካከል ወፍራም ቀለም፣ ጭቃ ወይም ዝገት ካለ፣ እርሱ በጊዜ ብዛት ሲደቅቅ መጨመቁ ይቀንሳል፤ ብረቱም መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ የሚገናኙት ገጾች ይጸዳሉ፣ ቡሎኖቹም በእጅ ግምት ሳይሆን በቶርክ መፍቻ አምራቹ ባዘዘው መጠን ይጠብቃሉ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ በድጋሚ ይፈተሻሉ። ይህንንም በሚገባ ሠርቻለሁ።

የተሳቢው አፍንጫ በኳሱ ላይ የሚያሳርፈውን ክብደትም በቤት ሚዛን ለካሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከአምስት እስከ ሰባት በመቶ ቢሆን መልካም ነው፤ ለእኛ ተሳቢ ከ38 እስከ 52 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው የመኪናውን ጀርባ ወደ ላይ ያነሣል፣ በፍጥነትም ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል።

ሽቦው

አሁን ወደ ተሰናከልሁበት ቦታ ደረስሁ። ባለ ሰባት ፒን የ12 ቮልት ሶኬት «አይሶ 1724» በሚባለው ደረጃ የተወሰነ ነው። አንደኛው ፒን ቢጫ ሽቦ ሲሆን የግራ ፍሬቻ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊ፣ የኋላ የጭጋግ መብራት። ሦስተኛው ነጭ፣ ማሳ። አራተኛው አረንጓዴ፣ የቀኝ ፍሬቻ። አምስተኛው ቡናማ፣ የቀኝ የኋላ መብራት። ስድስተኛው ቀይ፣ የፍሬን መብራት። ሰባተኛው ጥቁር፣ የግራ የኋላ መብራት። የመኪናው የራሱ ሽቦዎች ቀለም ከዚህ ጋር ላይመሳሰል ስለሚችል እያንዳንዱ በመለኪያ ተፈትኖ እንጂ በቀለም ታምኖ አይገናኝም።

በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የመኪናው ኮምፒዩተር የእያንዳንዱን አምፑል ፍሰት ስለሚቆጣጠር፣ የተሳቢው አምፑሎች በቀጥታ ሲጨመሩበት ብልሽት አለ ብሎ ሊያስጠነቅቅ ወይም መብራቱን ሊያቋርጥ ይችላል። መፍትሔው የራሱ ፊውዝ ያለው የሪሌ ሳጥን ነው፤ ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪ ይወስዳል፣ የመኪናውን ሽቦ ግን ለምልክት ብቻ ይጠቀምበታል።

ስድስቱ ሽቦዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፍሰት ይወስዳሉ። ነጩ ሽቦ ግን የሁሉንም ይመልሳል። ሁለት የፍሬን አምፑሎች 42 ዋት፣ ሁለት የኋላ መብራቶች 10 ዋት፣ የሰሌዳ መብራት 5 ዋት፣ አንድ ፍሬቻ 21 ዋት፤ በድምሩ 78 ዋት። ለ12 ቮልት ሲካፈል 6.5 አምፔር ይሆናል። ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይህን ሲመልስ 0.9 ቮልት ያህል ይበላል። ባለ 2.5 ቢሆን የሚበላው ከ0.3 ቮልት ያነሰ ነው። የክር አምፑል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከቮልቱ ሦስት ተኩል ገደማ ኃይል ጋር ስለሚሄድ፣ 0.9 ቮልት መጉደሉ ብቻ ብርሃኑን በሩብ ገደማ ይቀንሰዋል።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ወፍራም ነጭ ሽቦም መረጥሁ። ነገር ግን በተሳቢው በኩል ያለውን ጫፍ ስጨምቀው መዳቡን ሳይሆን ላስቲኩን ጨመቅሁት። ከዚያም በናስትሮ ሸፈንሁት። ተሳቢውን ከኳሱ ጋር አገናኝቼ መብራቶቹን አንድ በአንድ ፈተንኋቸው፤ ሁሉም በሩ። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ።

በሸኖ መንገድ ላይ

በጉዞው ዕለት ማለዳ ኳሱን ግሪስ ቀባሁት። ይህ በራሱ ትክክለኛ ሥራ ነው። ሥራችንን ጨርሰን ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ጨለምለም ብሎ ነበር። ከመነሣታችን በፊት የኋላ መብራቶቹን አየሁ፤ ደብዘዝ ያሉ ቢመስሉም በርተዋል። ሸኖ አካባቢ ከብቶች መንገዱን ሲያቋርጡ ሾፌራችን ፍሬን ያዘ። ከኋላችን የጎማ ጩኸት ተሰማ፤ አንድ የጭነት መኪና በቀኛችን አልፎ ከአስፋልቱ ወጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ መጣ። ይሰድበናል ብዬ ስጠብቅ በድንጋጤ ድምፅ «ወንድሞቼ፣ ፍሬን ስትይዙ መብራታችሁ እኮ ይጠፋል!» አለን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ተሳቢውን በዕድሜ የገፉ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ወሰድሁት። ነገሩን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁም። «ዶክተር፣ ማሳው የት ነው?» አሉኝ። ከባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ሽቦ ስበው የተሳቢውን ብረት ነኩ፤ መብራቶቹ ቦግ አሉ።

የሆነው ይህ ነው። በግቢያችን ስፈትነው ፍሰቱ ይመለስ የነበረው በነጩ ሽቦ ሳይሆን በኳሱ በኩል፣ ብረት ለብረት በመነካካቱ ነበር። ግሪሱና የመንገዱ ንዝረት ያንን ድንገተኛ መንገድ አሳጡት። መመለሻ ያጣው የኋላ መብራት ፍሰት ሌላ ፈለገ። በተሳቢው ውስጥ የሁሉም አምፑሎች መመለሻ አንድ ላይ ስለሚገናኝ፣ ፍሰቱ በፍሬን አምፑሎቹ ክር ወደ ኋላ ተጉዞ፣ በቀዩ ሽቦ ወደ መኪናው የፍሬን አምፑሎች ደርሶ፣ በእነርሱ በኩል ወደ መኪናው ማሳ ገባ። ያልበራ ክር ቀዝቃዛ ስለሆነ ተቃውሞው አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ የኋላ መብራቶቹ በርተው ታዩኝ። ፍሬን ሲያዝ ግን በቀዩም ሽቦ 12 ቮልት ይመጣል። በሁለቱም በኩል ቮልቱ እኩል ሆነ ማለት ነው፤ ልዩነት ከሌለ ፍሰት የለም። በፍሬቻዎቹ በኩል የምታመልጥ ጥቂት ፍሰት ቀርታ ደካማ ጭላንጭል ብታሳይም፣ ተሳቢው እጅግ መታየት በሚገባው ቅጽበት ከሞላ ጎደል ጨለመ።

ከዚህ በኋላ የምከተላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መብራቶቹን የምፈትነው ስፒናው ተሰክቶ፣ ተሳቢው ግን ከኳሱ ተነሥቶ፣ ሰንሰለቱም ሳይነካ ነው፤ ያኔ ነጩ ሽቦ ብቻውን ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ መብራቶቹ ሁሉ በርተው ፍሬንም ተይዞ፣ በተሳቢው ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ያለውን ቮልት እለካለሁ፤ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ መገጣጠሚያዎቹን እንደገና እከፍታለሁ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በናስትሮ ከመሸፈኔ በፊት ጎትቼ አየዋለሁ።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ሁሉ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አሳወቅሁ፤ ያጨበጨቡልኝ ተማሪዎችም ፊት በሰሌዳ ላይ ሣልሁት። ያጨበጨቡት ለውጤቱ ነበር፤ እኔም የፈተንሁት ውጤቱን እንጂ መንገዱን አልነበረም። በቤተ ሙከራም ቢሆን አንድ ሙከራ የጠበቅነውን ውጤት ሲሰጠን፣ በየትኛው መንገድ እንደሰጠን ሳንጠይቅ ደስ ብሎን እንነሣለን። ያቺን የተጨመቀች ነጭ ሽቦ ቆርጬ አስቀምጫታለሁ፤ እነሆ፣ ከንግግሬ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብላችሁ ተመልከቷት። ከውጭ ስትታይ እንከን የላትም።